ያ ሰማያዊ የት ሄደ?

ዛሬ ልጄን ይዤ መዝናኛ ፓርክ ሄጄ ነበር። የጠፈር መንኮራኩር የሚያስመስሉትን ክፍል ቀለሙን ሙልጭ አድርገው ቀይረውታል! ያ የማውቀው ሰማያዊና ብርማ ጠፍቶ ሁሉም ነገር ክሬም ሆኗል። የፓርኩ አርማ ያለበት ቲሸርት የለበሰ አንድ ጎልማሳ አጠገቤ ቆሞ "ሆስፒታል አስመሰሉት እኮ!" አለ። እኔም በሆዴ "እውነትክን ነው" አልኩ። ልጄ ግን ቀና ብላም አላየችው፤ ዓይኗ ባቡሩ ላይ ነው።

በፓርክ ቀለም መጨቃጨቅ አዲስ አይደለም። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ባለው የዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ የሚገኘውን የሲንደሬላ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 ለፓርኩ 25ኛ ዓመት ሮዝ የልደት ኬክ አስመስለውት ስንቱ አጉረመረመ! በ2020 እንደገና ሮዝ ነካ አደረጉት፤ ያኔም አንዱ ወደደው፣ ሌላው የድሮው ግራጫ ናፈቀው።

መቼም ሳይቀቡ መተው አይቻልም፤ ፀሐይ ቀለም ትበላለች፣ በተለይ ቀዩን። (ዲዝኒዎች ደግሞ እንድናየው የማይፈልጉትን አጥርና መጋዘን የሚቀቡበት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ አላቸው። ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ እሱን የሚያማ የለም!)

ስንወጣ ጥግ ላይ ቀቢዎቹ ያልደረሱበት አንድ ምሰሶ አገኘሁ። አሁንም ሰማያዊ ነው። ልጄን አስጠግቼ ፎቶ አነሳኋት።