የተኛውን ሃርድ ዲስክ ማን ቀሰቀሰው?

ዛሬ ኮዬ ፈጬ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው የዋለው። እንዲህ ባለ ቀን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ማንም ሳይነካው ተነስቶ ሲሽከረከር ያሳስባል፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ይበልጥ የሚጎዳው እየዞረ ያለ ዲስክ ነውና። በተለይ ባለ 3.5 ኢንቹ የሚሠራው በራሱ 12 ቮልት አዳፕተር ስለሆነ የላፕቶፑ ባትሪ አያድነውም።

ብዙ ጊዜ ቀስቃሹ ኮምፒዩተሩ ነው። ፋይል ለማስቀመጥ «ሴቭ አዝ» ስትሉ እንኳ ዊንዶውስ የተሰካውን ድራይቭ ሁሉ ሊነካ ይችላል፤ ይህን ማስቀረት ከባድ ነው። ኢንዴክሲንግን (ዊንዶውስ ፋይል ቶሎ ለማግኘት ቀድሞ የሚመዘግብበትን ሥራ) ግን ማጥፋት ይቻላል፦ ድራይቩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከታች ስለ ኢንዴክስ የሚለው ሳጥን ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። አንቲቫይረስና የዲስክ ጤና የሚከታተሉ ሶፍትዌሮችም ይቀሰቅሱታል። ጥፋተኛውን በእጅ ከፍንጅ ለመያዝ ሪሶርስ ሞኒተር የሚባለውን የዊንዶውስ መከታተያ ከፍታችሁ ዲስክ የሚለው ታብ ላይ ጠብቁ፤ ዲስኩ ሲነሳ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፋይል እንደነካ ይታያል።

የዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽንስ (የኃይል ቅንብር) ውስጥ ዲስኩ የሚተኛበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። እባካችሁ ወደ 2 እና 3 ደቂቃ አታውርዱት፤ ቶሎ ቶሎ መተኛትና መነሳት ሞተሩን ይፈጀዋል። ሥራ ካለቀ ኢጀክት አድርጋችሁ፣ መዞሩን እስኪያቆም ጠብቃችሁ ንቀሉት።