ኔቡላይዘሩ ሳይደርቅ ሲያድር

ዛሬ ባሕር ዳር በዚህ ሙቀት አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ስናገላብጥ ዋልን። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል፣ ሳንባ ውስጥ ወፍራም አክታ የሚያጠራቅም በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያለባት ልጅ የኔቡላይዘር ኩባያ ናት፤ ኔቡላይዘር ፈሳሽ መድኃኒትን ወደ ጉም ለውጦ የሚያስተነፍስ መሣሪያ ነው። እናቷ በቧንቧ ውሃ አለቅልቃ እርጥቡን ፌስታል ውስጥ ቋጥራዋለች፤ ከታች ጠብታ ይታያል። እናት ሰንፋ አይደለም፣ የነገራት ስለሌለ ነው። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ግን እንዲህ ያለ እርጥበት ይወዳል፤ ሳንባ ውስጥ ከሰፈረ ደግሞ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

ሁሌም ከተጠቀማችሁ በኋላ ክፍሎቹን ለያይታችሁ በሳሙና እጠቡ። ከዚያ የመሣሪያው መመሪያ የሚፈቅደውን ክፍል በፈላ ውሃ 5 ደቂቃ ቀቅሉና ንጹሕ ፎጣ ላይ አየር ያድርቀው። ቱቦው አይቀቀልም። ከቀቀላችሁ በኋላ በቧንቧ ውሃ መልሳችሁ ካለቀለቃችሁት ድካማችሁን ገደል ከተታችሁት።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የአየር ቧንቧን የሚከፍተው ሳልቡታሞል፣ ቀጥሎ የታዘዘው የሚተነፈስ ጨዋማ ውሃ፣ ከዚያ አክታውን ማውጣት፦ መስታወት በትንፋሽ እንደሚያደበዝዝ ሰው አፍ ከፍቶ «ሃህ» ማለት። የሚተነፈስ አንቲባዮቲክ ካለ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከቀደመ ወፍራሙ አክታ ላይ ይቀራል።

ቡናው ይፈላ፣ ከሰሉና እጣኑ ግን ልጅቷ ካለችበት ክፍል ይውጡ። እንግዳ ፊት እጣን ማንሳት እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ቢሆንም የእሷ ትንፋሽ ይቀድማል።

ላቧ ብዙ ጨው ይዞ ስለሚወጣ በሙቀት ቀን ውሃውንም ጨውንም ሐኪሟ ባለው መጠን ጨምሩላት። ሳሉ ከበዛ፣ አክታው ቀለም ከቀየረ ወይም ምግብ እንቢ ካለች ትኩሳት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት።