አዋሽ ፓርክን ከድንጋዩ ጀምሮ ማወቅ

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደርሶ «እንስሳ አላየሁም» ብሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነስቶ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የነዳ ሰው በሩ ላይ የሚደርሰው ረፋድ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ሳላው (ረጅም ቀንድ ያለው የሜዳ አውሬ) ጥላ ፍለጋ ሄዷል፤ ሜዳው ላይ የሚታየው የሙቀት ነጸብራቅ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያስተካከልነው ይህን ነው፦ ከዋዜማው መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት ኪሎ ማደር፣ ስካውቱን (አብሮ የሚሄደውን የፓርክ ጠባቂ) እና የመግቢያውን ሰዓት በዚያው ቀን መጨረስ፣ ከዚያ በተፈቀደው የመጀመሪያ ሰዓት ሜዳው ላይ መገኘት። ጥሩው ጊዜ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ወዲህ።

ሁለተኛው ስህተት ፓርኩን በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር ነው። ዋናው አስፋልት ለሁለት ይከፍለዋል። በደቡብ በኩል የኢላላ ሳላ ሜዳ፣ ፏፏቴውና ገደሉ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ፈንታሌ ተራራና ፍልውሃው አሉ። ለእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያዙ።

ኢላላ ሳላ ላይ መኪናው ራሱ መደበቂያ ነው። ሳላ ለቆመ መኪና ብዙም አይደነግጥም፤ በር ተከፍቶ ሰው ሲወርድ ግን ይሮጣል። ሞተር አጥፍቶ 15 ደቂቃ መቆየት ሜዳውን አንድ ሰዓት ከመዞር የበለጠ ያሳያል። ወንዱም ሴቷም ቀንድ ስላላቸው በቀንድ መኖር ብቻ ጾታ አይለይም። የሴቷ ቀጠን ይላል፤ ብዙ ጊዜም ይረዝማል። የሜዳ ፍየል ከሩቅ የሚለየው በሰፊው ነጭ ቂጡና ጫፋቸው ወደ ውስጥ በታጠፈ ቀንዶቹ ነው። አምባራይሌን (ገላው ላይ ነጭ መስመር ያለውን አጋዘን መሰል እንስሳ) ግን ሜዳው መሐል አትፈልጉት፤ ቁጥቋጦው ጠርዝ ላይ ነው የሚውለው። ዐይን ሙሉ ገላ ሲፈልግ ያልፈዋል፤ መፈለግ ያለበት የሚንቀሳቀስ ጆሮና ቀጫጭን ነጭ መስመሮችን ነው። እንሹ፣ ትንሹ ሚዳቋ መሰል እንስሳ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይኖራል፤ አንዱን ካያችሁ ሁለተኛው ቅርብ ነው።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ፤ ብዙ ጎብኚ በመኪና ውስጥ ሆኖ የሚያልፈው፣ ለእኛ ግን የፓርኩ ቁልፍ የሆነው እሱ ነው። ፈንታሌ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ያልሞተ እሳተ ገሞራ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ ሰምጦ ትልቅ ካልዴራ (ገበቴ መሰል ጉድጓድ) ሠርቷል። በዙሪያው ያለው አረንጓዴ ቀመስ ዐለት በጥንት ፍንዳታ የወጣ ትኩስ ዐመድ መሬት ላይ ተጋግሮ የጠጠረ ነው። ሳይጠጥር በፊት የታፈነ ጋዝ ከሥር ሲገፋው አንዳንዱ ቦታ እንደ አክንባሎ አብጦ ቀርቷል፤ ከእነዚህ እብጠቶች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ባዶ ነው። በእግሩ ሥር የሚታየው ጥቁር፣ ዛፍ አልባ ላቫ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከስንጥቅ የፈሰሰ ነው፤ ገና አፈር አላበጀም። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ስለታም ስባሪ ካገኛችሁ ባልጩት ነው። አይታችሁ እዚያው ተዉት።

ይህ ድንጋይ ጎማ ይበላል። አሸዋ ላይ ነፋስ መቀነስ ይረዳል፤ ስለታም ላቫ ላይ ግን ጎማው ሲለሰልስ ጎኑ ስለሚወጣ ይቀደዳል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ ለጎሚስታም ያስቸግራል። ወደ ፍልውሃው ስትሄዱ ሁለት ስኮርታ፣ የሚሠራ ክሪክና ከክሪኩ ሥር የሚደረግ ጠፍጣፋ ጣውላ ያዙ። ከዝናብ በኋላ ደግሞ መረሬው ያጣብቃል፤ ፎር ዊልም ቢሆን ይሰምጣል። ከተለመደው መንገድ ወጥቶ ለመሸሽ መሞከር ሣሩን ያበላሻል፣ መኪናውንም አያድንም። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር፣ ለራዲያተር ለብቻው አንድ ጀሪካን።

ፍልውሃው ዘንባባ የከበበው ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ ነው። ምንጩ አጠገብ በእጅ ሳይፈተን አይገባም። የአዋሽ ወንዝ ግን አዞና ጉማሬ ስላለው ዳሩ ላይ ድንኳን አይተከልም፤ መዋኘትማ ጨርሶ አይታሰብም።

ፈንታሌን ለመውጣት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በፈንታሌና ከእሱ በስተሰሜን ባለው ሌላ እሳተ ገሞራ፣ በዶፈን፣ መካከል ቅልጥ ዐለት ከመሬት ሥር ሲገፋ አካባቢው በተደጋጋሚ ተንቀጥቅጧል፣ ብዙ ነዋሪዎችም ከቤታቸው ተነስተዋል። በታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ዶፈን ላይ እንፋሎትና ድንጋይ ከመሬት ሲወጣ ታይቷል። አዲስ ስንጥቅ ያለበትን መንገድ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው፤ የድሮ ካርታ አያሳየውም። ከተፈቀደም ጉዞው ከሜዳው 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ስለሆነ ፀሐይ ሳትወጣ ይጀመር።

ገና እየተለማመድን ያለነው የዝንጀሮዎቹን መለየት ነው። ከፏፏቴው ላይኛው ወገን ወንዙን ተከትሎ የሚኖረው አኑቢስ ነው፤ ፊቱ ጥቁር፣ ጠጉሩ ወይራማ፣ ጅራቱ ከመነሻው ወደ ላይ ወጥቶ እንደተሰበረ ቁልቁል የሚወርድ። ወደ ታች፣ በደረቁ ገደል በኩል፣ ሃማድሪያስ አለ፤ ወንዱ ብርማ ጎፈር ደርቦ ፊቱና መቀመጫው የቀላ ነው። በመካከላቸው ሁለቱ የተዳቀሉበት መንጋ ይገኛል፤ ተመራማሪዎችም ለረጅም ዓመታት ያጠኑት እሱን ነው። በአንድ ምልክት ብቻ መወሰን ያሳስታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጎልማሳ ወንድ የፊት፣ የጎፈር፣ የመቀመጫና የጅራት አራት ፎቶ አንስቶ ቦታውን ከፏፏቴው አንጻር መጻፍ ጀምረናል።