ኤንኤዲፒኤቹ የት ሄደ?

ወደ ኮምፒውተር የገባሁት ኬሚካል መጠበቅ ሰልችቶኝ ነው። ታዝዞ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ላፕቶፕ ግን ነበረኝ። ሲሙሌሽን የሚሠራው፣ ማለትም የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያስመስለው ግሮማክስ በነፃ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የፕሮቲን ቅርጾች የሚከማቹበት ፕሮቲን ዳታ ባንክም ለማንም ክፍት ነው።

ለማስተርሴ የወባ ተውሳክን አንድ ኢንዛይም ያዝኩ፤ ዲኤችኤፍአር ይባላል። ፋንሲዳር በተባለው የወባ መድኃኒት ውስጥ ያለው ፒሪሜታሚን የሚያጠቃው እሱን ነው። ያደግኩት ቆላ ነው፤ ፋንሲዳር ውጠው ያልተሻላቸውን ሰዎች አውቃለሁ። ምክንያቱን ያየሁት ከዓመታት በኋላ ስክሪን ላይ ነው። በኢንዛይሙ 108ኛ ቦታ ሴሪን የተባለው አሚኖ አሲድ በሌላ አሚኖ አሲድ፣ በአስፓራጂን፣ ሲተካ፣ አስፓራጂኑ ሰፋ ስለሚል መድኃኒቱን ቦታ ያሳጣዋል። ለውጡ የጥቂት አተሞች ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት።

ከዚያ 3000 ያህል ሞለኪውሎችን ዶክ አደረግኩ፤ ማለትም እያንዳንዱ ኢንዛይሙ ውስጥ እንዴት እንደሚገጥምና ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ በኮምፒውተር አስላሁ። አንደኛ የወጣው ፒሪሜታሚንን በሰፊው በለጠ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ለአማካሪዬ አሳየኋቸው። ምስሉን ሁለት ጊዜ አዟዟሩና፣ "ኤንኤዲፒኤቹ የት ሄደ?" አሉኝ።

ለካ ከኢንዛይሙ ፋይል የውሃ ሞለኪውሎችን ሳጸዳ እሱንም አብሬ አጥፍቼዋለሁ! ኤንኤዲፒኤች የኢንዛይሙ ረዳት ሞለኪውል ነው፤ ኢንዛይሙ ያለ እሱ አይሠራም፤ ከመድኃኒቱ ጎን ነው የሚቀመጠው። የኔ አንደኛ ሞለኪውል የገባው በእሱ ባዶ ቦታ ነበር። የሁለት ወር ሥራ ገደል ገባ።

እንደገና ስጀምር ፒሪሜታሚንን ራሱን ከክሪስታሉ፣ ማለትም በላቦራቶሪ ከተገኘው የኢንዛይሙ ቅርጽ፣ አውጥቼ መልሼ ዶክ አደረግኩት። ከመጀመሪያ ቦታው ከ2 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) በታች ርቆ ሲያርፍ ነው ወደ ሌሎቹ የሄድኩት። ይህን የሚዘል ሰው ውጤቱን ባያሳየኝ እመርጣለሁ።

የመብራቱንም መጥፋት ለመድኩት። የ100 ናኖሰከንድ ሲሙሌሽን፣ አንዱ እርምጃ 2 ፌምቶሰከንድ (ፌምቶሰከንድ የናኖሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው) ሲሆን፣ 50 ሚሊዮን እርምጃ ነው። ግሮማክስ ካልነኩት በየ15 ደቂቃው የደረሰበትን ያስቀምጣል። መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ከዚያ ወዲህ የተሠራው ብቻ ነው። ከተቀመጠው ፋይል መቀጠልን ሳላውቅ ሁለቴ ከዜሮ ጀምሬያለሁ።

አሁን ተማሪዎቼ ከአልፋፎልድ ዳታቤዝ ቅርጽ አውርደው ይመጣሉ። አልፋፎልድ የፕሮቲን ቅርጽ የሚተነብይ፣ የ2024ን የኬሚስትሪ ኖቤል ለሠሪዎቹ ያስገኘ ድንቅ ሥራ ነው። ግን እዚያ ያለው ፋይል ፕሮቲኑን ብቻ ነው የያዘው፤ ኤንኤዲፒኤች የለበትም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አናሰላም። ምስሉን ከፍተን፣ ጎኑ ምን መኖር እንዳለበት አብረን እንፈልጋለን።