«ምንም አልቀመሱም»

ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ውስጥ በአስተርጓሚነት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሥራዬ በአብዛኛው ዕቃና ዋጋ ነው። የሴራሚክ ናሙና፣ የኮንቴይነር ቦታ፣ «ይሄ ዚፕ ገና ሳይሸጥ ለምን ተበጠሰ?» የሚል ንትርክ። ሽያዎቤይ ሰፈር ከአገር ቤት ለመጡ ነጋዴዎች ስደራደር ምላሴ አይያዝም። ሆስፒታል ደግሞ ምን ይከብዳል ብዬ ነው የገባሁበት።

እትዬ ልብስ ሊጭኑ የመጡ ነጋዴ ናቸው። ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። ከወር በላይ «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲሉ ከርመዋል። አንድ ሰው ደግሞ «የቻይና ሐኪም እጅሽን ይዞ ብቻ በሽታሽን ይነግርሻል» ብሏቸዋል። ስለዚህ ወደ አንድ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ትእዛዝ ሰጡኝ።

«ልጄ፣ እንዳትነግረው። እስቲ ራሱ ይወቅ።»

ሳቅኩና ተስማማሁ።

ሐኪሙ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አዛውንት ናቸው። አጠገባቸው አንድ ወጣት ሐኪም ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል። ጠረጴዛው ላይ መዳፍ የምታክል ትራስ አለች። እትዬ የእጅ አንጓቸውን እሷ ላይ አሳረፉ። አዛውንቱ ሦስት ጣታቸውን ደም ስሩ ላይ ደረደሩ። መጀመሪያ ቀለል፣ ቀጥሎ ጠበቅ፣ ከዚያ ጠለቅ አድርገው ተጫኑ። ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ግራ እጅ ላይ ሦስቱ ጣቶች የልብ፣ የጉበትና የኩላሊት ናቸው። ቀኝ እጅ ላይ የሳንባ፣ የጣፊያና የጨጓራ፣ አሁንም የኩላሊት። የትርታ ዓይነት በተለምዶ 28 ነው። የሚንሳፈፍ አለ፣ የሚሰምጥ አለ፣ የሚያንሸራትት አለ፣ እንደ ክራር ክር የተወጠረ አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አንዲት ጣት የምታርፍበት ቦታ ከጉበት ጋር በምን እንደሚገናኝ ዘመናዊው ሕክምና ያረጋገጠው ነገር የለም። ሁለት ሐኪሞች አንድ እጅ ይዘው የተለያየ ነገር ማለታቸውም ያለ ነው። የዛሬው ወሬዬ ግን እሱ አይደለም።

ሁለቱንም እጅ ጨርሰው ቀና አሉ። «ምናቸውን ነው የሚያማቸው?» አሉኝ።

እትዬ አዩኝ። «አላወቀም እንዴ?» አሉ በሹክሹክታ።

አዛውንቱ አማርኛው ባይገባቸውም ፊታቸውን አይተው ገባቸው። ፈተናውን ለምደውታል። ሱ ዶንግፖ የሚባለው የሶንግ ዘመን ባለቅኔ፣ መጀመሪያ ሕመሙን አንድ ሳያስቀር ተናግሮ ነበር እጁን ለሐኪም የሚሰጠው አሉን። መዳን እንጂ ሐኪም መፈተን አልፈለገማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምርመራው አራት ነው፦ ማየት፣ መስማትና ማሽተት፣ መጠየቅ፣ መዳሰስ። ሁለተኛው «ወን» ይባላል። ሦስተኛውም «ወን» ነው። አንዱ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። ሲጻፉ ሁለቱም ላይ የበር ምልክት አለ። በአንደኛው በር ውስጥ ጆሮ፣ በሌላኛው ውስጥ አፍ ተቀምጧል። እዚያ ክፍል ውስጥ የእትዬ አፍ እኔ ነበርኩ።

«ልባቸውን ያቃጥላቸዋል» አልኩ። ሐኪም ፊት ስለሆንኩ ቃሉን አሳመርኩት። ተራውን «ሺን» ትቼ «ሺንዛንግ» አልኩ። ደም የሚረጨው ልብ ማለት ነው። ወጣቱ ጻፈ።

ቀጥሎ ምላስ። እትዬ አፍረው ጫፉን ብቻ አወጡ። እንደምንም ተለምነው ዘረጉት። ጫፉ የልብና የሳንባ ነው፣ መሀሉ የጨጓራና የጣፊያ፣ ዳርና ዳሩ የጉበት፣ ሥሩ የኩላሊት። ጤነኛ ምላስ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ነው የሚጠበቀው። ቢጫ ከሆነ ሙቀት አለ ይባላል። የእትዬ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቢጫ ነበር። አዛውንቱ ወደ መስኮቱ አስጠግተው በቀን ብርሃን አዩት። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ዛሬ ጠዋት ምን ቀምሰዋል?»

«ምንም አልቀመሱም» አልኩ።

እትዬን ዞር ብዬ አላየኋቸውም። ማታ በስልክ «ደም ሊወሰድ ስለሚችል ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ» ብያቸው እሺ ብለውኛል። በቃ፣ የማውቅ መሰለኝ። ፋብሪካ ውስጥም እንዲሁ ነው የምሠራው። «ስንት ካርቶን ይፈልጋሉ?» ሲሉኝ ነጋዴውን ሳላስቸግር እመልሳለሁ። ፍጥነቴን ይወዱልኛል።

ወጣቱ «ሙቀት» ብሎ ጨመረ። የልብ ምርመራ ታዘዘ፣ ኢሲጂ። እዚያ ትርታ የሚዳስሱ ሐኪሞች ማሽንም ያዛሉ። ሦስተኛ ፎቅ ወጣን፣ ከፈልን፣ ተሰለፍን። አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። የካርጎ ቀጠሯችን አለፈ። ይሄ እንኳ ግድ የለም። እትዬ ግን ወንበሩ ላይ ኩርምት ብለው «የልብ በሽተኛ ነኝ ማለት ነው?» ጀመሩ። ስለ ትንሿ ልጃቸው ትምህርት ቤት ክፍያ ማውራት ሲጀምሩ ሆዴ ተላወሰ።

ውጤቱ ደህና ሆኖ ወጣ።

ተመልሰን ስንገባ አዛውንቱ እኔን አለፉኝ። እጃቸውን ዘርግተው በምልክት እትዬን «የት ጋ?» አሏቸው። እትዬ ከደረታቸው አጥንት በታች ጣታቸውን ሰኩ። ከዚያ እጃቸውን እስከ ጉሮሯቸው ሳቡትና ሎሚ እንደቀመሰ ሰው ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ሻዎሺን!» አሉ አዛውንቱ፣ ሳቅ ብለው።

ሻዎ ማቃጠል ነው። ሺን ልብ ነው። ቻይናዎችም ቃር ሲይዛቸው ልቤን አቃጠለኝ ነው የሚሉት። ቃል በቃል የእኛው። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ላሳምር ብዬ ነው የገደልኩት።

ይቅርታ ስጠይቅ እጃቸውን አወዛወዙ። በዚህ ዕድሜ ደረቴ አካባቢ ይቃጠላል ያለችን ሴት ቃሉ ባይበላሽም ለልብ ምርመራ ይልኩ ነበር። «ምላሱ ነው የከነከነኝ» አሉ። «አሁን ጠይቃቸውና እሳቸው ይመልሱ።»

ጠየቅኳቸው። «ኧረ ምንም!» አሉ። ቆየት ብለው «ቡና ብቻ ነው እንጂ» አሉ። የተወቀጠ ቡና ከአገር ቤት ይዘው መጥተዋል። ሆቴል ክፍላቸው ውስጥ የውሃ ማፍያ አለ። ሦስት ስኒ። «ቡና ደግሞ መቅመስ ነው እንዴ?»

አዛውንቱ ጣታቸው ላይ ጎዝ ጠቀለሉ፣ ንጹሕ ውሃ ነከሩት፣ ምላሱን ከሥር ወደ ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠረጉት። ጎዙን አሳዩኝ። ቡናማ ሆኗል። ከሥር የወጣው ምላስ ስስ ነጭ ሽፋን ያለው ነበር። ወጣቱ ሐኪም ምንም ሳይናገር «ሙቀት» የሚለውን ሰረዘ።

ከዚያ ጥያቄው ከመጀመሪያው ተጀመረ። ቅደም ተከተሉ በሚንግ ዘመን በግጥም የተቀመጠ ነው፤ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ያጠናዋል። መጀመሪያ ብርድና ሙቀት፣ ሁለተኛ ላብ፣ ወደ ታች ይቀጥላል። «ብርድ ብርድ ይላቸዋል?» ሲባሉ እትዬ «ባለፈው ምች መትቶኝ ነበር» አሉ። «ጉንፋን» ብዬ ላልፈው አፌ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት። «ይሄ ቃል በቻይንኛ የለም፣ ላስረዳዎት» አልኩና ፀሐዩን፣ ራስ ምታቱን፣ ዳማከሴውን ሁሉ ተናገርኩ። አዛውንቱ ቅጠሉ ምን ምን እንደሚሸት ሳይቀር ጠየቁ።

የኤች ፓይሎሪ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ማለት ነው፣ የትንፋሽ ምርመራ ታዘዘ። ባዶ ሆድ ስለሚፈልግ ለማግስቱ ተቀጠርን።

በማግስቱ ነርሷ የሚተነፈስባትን ከረጢት እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «ጠዋት የቀመሱት ነገር አለ?»

ወደ እትዬ ዞርኩ። «እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ቀመሱ? ቡናም ቢሆን።»

«ማፍያውን ሻንጣ ውስጥ ቆለፍኩበት» አሉ። «ራሴን ግን ሊፈነክተኝ ነው። ይሄንንም ንገራት።»

ነገርኳት።