ሳተላይትና ጦርነት፦ የአንድ ቀያሽ ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ስለ መጪው ዘመን ጦርነት ሲወራ ሳተላይት የማይደረስበት የኃያላን ዓይን ሆኖ ይቀርባል። እኔ ግን የመሬት ቀያሽ ሆኜ በሰሜን ሸዋ ገጠሮች ሳተላይትን የዕለት መሣሪያዬ ሳደርገው፣ ከኃይሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየኝ ስስነቱ ነው። የአርሶ አደር ይዞታ ለመለካት የምንይዘው የጂፒኤስ መሣሪያ ያለበትን ቦታ የሚያሰላው፣ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ከሚዞሩ ሳተላይቶች፣ ቢያንስ ከ4ቱ፣ በሚደርሰው የሰዓት ምልክት ነው። ምልክቱ ያን ሁሉ ርቀት ተጉዞ እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅግ ይደክማል፤ ስለዚህም ወደ ጀማ ሸለቆ ወርደን ገደሉ ግራና ቀኝ ሲጋርደን መሣሪያው ሳተላይቶቹን እያጣ፣ የሚሰጠውም ልኬት እየተዛባ ይሄዳል። ገደል የሚያደርገውን ይህን ነገር ጠላት ሆን ብሎ ቢያደርገው ምን ይከተላል የሚለው ጥያቄ ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ጠላት ይህን ለማድረግ ሮኬት አያስፈልገውም። በዚያው ሞገድ ላይ በርታ ያለ ረብሻ የሚለቅ ማሰራጫ መሬት ላይ መትከል በዙሪያው ያለውን ተቀባይ ሁሉ ለማደንቆር ይበቃል። በዩክሬን ጦርነት በጂፒኤስ ተመርተው ዒላማቸውን እንዲመቱ የተሠሩ የመድፍ ጥይቶችና ቦምቦች በዚህ ረብሻ ምክንያት ኢላማቸውን ሲስቱ ታይቷል። ጉዳቱም በጦር ሜዳው አልተወሰነም፤ የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ኢስቶኒያዋ የታርቱ ከተማ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር ያህል ያቋረጠው በጂፒኤስ ረብሻ ሳቢያ ነበር። ከዚህ የባሰ የሚያሳስበኝ ግን ማታለሉ ነው። ምልክቱ ሲጠፋ መሣሪያው ማጣቱን ይነግረኛል፣ እኔም ሥራዬን አቆማለሁ። የሐሰት ምልክት ሲላክለት ግን መሣሪያው በፍጹም መተማመን የተሳሳተ ቦታ ያሳያል፤ መርከቡ፣ አውሮፕላኑ ወይም ሚሳኤሉም የሚከተለው ያንኑ ስሕተት ነው። በልኬት ሥራ ውስጥ የኖረ ሰው፣ ባዶ ከተተወ መዝገብ ይልቅ በስሕተት የተሞላ መዝገብ ስንት ጠብ እንደሚያስነሣ ያውቃል።

ከፍታን የያዘ ሠራዊት ያሸንፋል የሚለው አስተሳሰብ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። የሸዋ ነገሥታት የአፋርን ቆላ ቁልቁል የሚያየውን አንኮበርን መናገሻ ያደረጉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሳተላይትም ለጦር አዛዥ የሚሰጠው ጥቅም ከዚሁ ይጀምራል፦ የጠላትን እንቅስቃሴ ማየት፣ የሚሳኤልን መነሣት ቀድሞ መረዳት፣ የራቀ ሠራዊትን ማዘዝ። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የአሜሪካ ጦር የመንገድ ምልክት የሌለውን በረሃ በጂፒኤስ እየተመራ ሲያቋርጥ ይህ ጥቅም ለዓለም ሁሉ ግልጽ ሆነ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ገደሉና ጫካው መሸሸጊያ ነበር፤ የዛሬዎቹ የራዳር ሳተላይቶች ግን የጣርማ በርን ጉምም ሆነ የሌሊትን ጨለማ አልፈው መሬቱን ያያሉ። ይሁን እንጂ በአንኮበርና በምህዋር መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። አንኮበር ከፍታን ከመሸሸጊያ ጋር አጣምሮ የሰጠ ምሽግ ነው። ሳተላይት ግን መከለያ የለውም፤ መንገዱም በስሌት የታወቀ ስለሆነ፣ በየትኛው ደቂቃ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠላቱ አስቀድሞ ያውቃል።

ቻይና እ.ኤ.አ. በጥር 2007 የራሷን አሮጌ የአየር ጠባይ ሳተላይት 860 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚሳኤል ስትመታ ከ3,000 በላይ ክትትል የሚደረግባቸው ስብርባሪዎች ተበተኑ። አሜሪካ በ2008፣ ሕንድም በ2019 ተመሳሳይ ችሎታ አሳዩ። ሩሲያ በኅዳር 2021 የራሷን ሳተላይት ስታፈርስ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የነበሩት ጠፈርተኞች፣ የራሷ ዜጎች ጭምር፣ ወደ መመለሻ መንኮራኩሮቻቸው ገብተው ለመጠለል ተገደዋል። በዝቅተኛው ምህዋር አንድ ስብርባሪ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ በዚህ ፍጥነት ጥቂት ሳንቲ ሜትር የሆነ ብረት ሙሉ ሳተላይት ለማጥፋት ይበቃል። ስብርባሪው የተዋጊውን ከገለልተኛው አይለይም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተመጠቀችው የእኛዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ስለ ሰብልና ስለ አየር ንብረት መረጃ እንድትሰበስብ የተሠራች ሆና ሳለ፣ የዞረችው በዚሁ ዝቅተኛ ምህዋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተፈረመው የጠፈር ስምምነት የኑክሌር መሣሪያ በምህዋር ላይ ማስቀመጥን ይከለክላል፤ ከመሬት ተተኩሶ ሳተላይት የሚያፈርስ ሚሳኤልን ግን አይከለክልም። ይህ ክፍተት እስካሁን ክፍት መሆኑ ከልብ ያሳዝነኛል።

ሆኖም ወደፊት የሚሆነውን ሳስብ፣ የመጀመሪያው ምት ከምህዋር ይልቅ መሬት ላይ የሚያርፍ ይመስለኛል። ሩሲያ እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2022 ዩክሬንን ልትወር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀር በቪያሳት ኩባንያ የሳተላይት መረብ ላይ የሳይበር ጥቃት ተፈጽሞ ነበር። ሳተላይቱ ራሱ ምንም ሳይነካ፣ ከደንበኞች ቤት ያሉት ሞደሞች ከጥቅም ውጪ ሆኑ፤ በጀርመንም ከጦርነቱ ጋር አንዳች ጉዳይ የሌላቸው 5,800 ያህል የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የርቀት መቆጣጠሪያቸውን አጡ። በሐምሌ 2025 ደግሞ በሳተላይት ኢንተርኔት የሚያቀርበው ስታርሊንክ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በዓለም ዙሪያ ሲቋረጥ መንሥኤው የኩባንያው የራሱ የሶፍትዌር ብልሽት ነበር፤ የዩክሬን ግንባርም በዚያ ሰዓት ግንኙነቱ ተቋርጦበታል። አንድ ሠራዊት ዓይኑንም ጆሮውንም በአንድ የግል ኩባንያ እጅ ሲያደርግ፣ ያ ኩባንያ ለጠላት ዒላማ ይሆናል፤ በዚያው መረብ የሚጠቀሙት ሐኪም ቤቶችና ትምህርት ቤቶችም አብረው ለአደጋ ይጋለጣሉ።

ለሥራዬ ከዚህ የማወጣው ነገር አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት በተራሮች ላይ የተተከሉት የልኬት ምልክቶች ሳተላይት በሌለበት ዘመን ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው በማየት የተሰሉ ናቸው። ጂፒኤስ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ያሉትን ምልክቶች የሚጠብቃቸው የለም፤ ድንጋያቸውን ለአጥር የሚወስድም አይጠፋም። በወረዳችን የቀሩትን ፈልገን እንድንመዘግብና ወጣቶቹ ቀያሾች ቴዎዶላይት በሚባለው ባለ መነጽር መሣሪያ ማዕዘን መለካትን እንዲማሩ ለባልደረቦቼ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። አንዳንዶቹ ጊዜ ማባከን ነው ብለውኛል፤ እኔ ግን ክረምቱ እንዳለፈ ሥራውን ከመንዝ በኩል መጀመር እፈልጋለሁ።