ዛፉ ሰንሰለት ሲሆን

ዳታ ስትራክቸር (ፕሮግራም ውስጥ ዳታ የሚደራጅባቸውን መንገዶች የሚያስተምረው ኮርስ) የወሰድነው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፣ በጃቫ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ። ከእኛ በፊት የነበሩት በሲ ፕላስ ፕላስ ስለተማሩ ዶርም ድረስ እየመጡ «ፖይንተር ሳትነኩ ምኑን ተማራችሁት?» ይሉን ነበር። ፖይንተር ዳታው ሜሞሪ ውስጥ ያለበትን አድራሻ የሚይዝ ነው። ግማሽ እውነት አላቸው። ጃቫ ሜሞሪውን ራሱ ስለሚያጸዳ ብዙ ጣጣ ቀርቶልናል።

ሊንክድ ሊስት (እያንዳንዱ አባል ቀጣዩን የሚጠቁምበት ሰንሰለት) ስንጀምር መጀመሪያ የጻፍነው ኖድ የሚባል ክላስ፣ ማለትም የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ንድፍ ነው። ውስጡ ያለው ዳታውና የሚቀጥለው ኖድ ብቻ ነው። አንድ ክላስ በራሱ ዓይነት የሆነ ፊልድ (ውስጡ የሚቀመጥ ዋጋ) መያዙ ጭንቅላቴ አልገባ ብሎ፣ ወረቀት ላይ ሳጥንና ቀስት ስስል አመሸሁ።

ነገሩ የጣፈጠው ግን ኢንተርፌስ (ምን መሠራት እንዳለበት ብቻ የሚናገር፣ እንዴት የሚለውን ለጻፊው የሚተው ውል) ላይ ስንደርስ ነው። መምህራችን አንድ የሊስት ኢንተርፌስ ሰጠንና ግማሻችን በአሬይ (በተራ ቁጥራቸው በቀጥታ የሚደረስባቸው ተከታታይ ሳጥኖች)፣ ግማሻችን በሊንክድ ሊስት ሠራነው። ሁለቱንም በየተራ አንድ ፕሮግራም ላይ ሰካናቸው። ሁለቱም ሠሩ፤ ደስ አለን። ከዚያ መምህሩ 100,000 ቁጥር አስገባና በፎር ሉፕ (ትእዛዝ በሚደጋግም ኮድ) «ጌት» እያለ ከዜሮ ጀምሮ አንድ በአንድ ያወጣቸው ጀመር። የአሬዩ ወዲያው አለቀ። የሊንክድ ሊስቱ ላፕቶፕ ማራገቢያው እየጮኸ ቀረ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ከመጀመሪያው ኖድ ተነስቶ ነዋ የሚቆጥረው! በድምሩ ወደ 5 ቢሊዮን እርምጃ ይሆናል።

ስሙ ያው፣ ሜተዱ (የሚጠራው ትእዛዝ) ያው፣ ዋጋው ግን ሰማይና ምድር። ኦብጀክት ኦሪየንትድ (ፕሮግራምን በክላስ የመጻፍ ዘዴ) ውስጡን መደበቅ ያውቅበታል፤ ለዚህም እወደዋለሁ። ግን የደበቀውን ከፍቶ የማያሳይ ኮርስ ክላስ መጻፍ ብቻ አስተምሮ ይለቃል።

ባይናሪ ሰርች ትሪም (እያንዳንዱ ኖድ ቢበዛ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው የመፈለጊያ ዛፍ) እንደዚሁ ነው። ትንሹ ወደ ግራ፣ ትልቁ ወደ ቀኝ። ዛፉ ሚዛኑን ከጠበቀ ከሚሊዮን ስም ውስጥ አንዱ በ20 ንጽጽር ገደማ ይገኛል። ላብ ላይ የክፍላችንን ስም ዝርዝር እንድናስገባ ተነገረን። ዝርዝሩ በፊደል ተራ የተደረደረ ስለነበር ሁሉም ስም ወደ ቀኝ ብቻ ሄደ፤ ዛፉ ሊንክድ ሊስት ሆኖ አረፈው። አዴልሰን ቬልስኪና ላንዲስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡት፣ ሚዛኑን ራሱ የሚጠብቀው ኤቪኤል ትሪ ለምን እንዳስፈለገ ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀም።

ክረምት ላይ ቤት ስገባ አባቴ የሚይዘውን የእድር መዝገብ በዚያው ትሪ ልሠራው አልኩ፣ በአማርኛ። ጃቫ ፊደል የሚያወዳድረው በዩኒኮድ ቁጥሩ (ኮምፒውተር ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል በተሰጠው መለያ ቁጥር) ነው። ስለዚህ ሀይሉ ከለማ በፊት፣ ሐይሉ ከለማ በኋላ፣ ኃይሉ ደግሞ ከተስፋዬ ወዲያ ተቀመጡ። አባቴ ስክሪኑን አይቶ «ይሄ ሁሉ እኮ አንድ ሰውዬ ነው» አለኝ።

ደግነቱ ትሪው ማወዳደሪያውን ከውጭ እንዲቀበል አድርገን ነበር የሠራነው። ሀ፣ ሐ እና ኀን ከነዘሮቻቸው እኩል የሚያይ አንዲት ትንሽ ኮምፓራተር ክላስ ጻፍኩ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እዚያው ገቡ። የትሪው ኮድ አንድ መስመር አልተነካም። «ገብረ ማርያም» እና «ገብረማርያም» ግን እስካሁን ለየብቻ ወርሃዊ ይከፍላሉ።